የኅዳር ሚካኤል ቸካል

አጎቴን የመታኋቸው በመቅዘፊያ ነው። የአባቴ ጀልባ መቅዘፊያ፣ ከዋንዛ የተጠረበ፣ ጫፉ ውሃ ጠጥቶ የከበደ። የሰነዘርሁት ጭንቅላታቸውን ብዬ ነበር። ግራ እጃቸውን ሲያነሱ እጃቸው ላይ አረፈ፤ ማገዶ በጉልበት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ያን ጊዜ የአርባ ዓመት ሰው ነበርሁ። ባሕር ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ፤ ግሽ አባይ ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። የሥራ ጓደኞቼ «ቁጡ ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው» ይሉኛል። የፊተኛው እውነት ነው። ነገሩ በሽማግሌ አልቆ ዳግም እንዳይነሳ ስለተማማልንበት፣ ይህን ለመጻፍ ሳስብ አጎቴን ጠየቅኋቸው። «ስም ካልጠራህ የማንም እጅ ነው» ብለው ፈቀዱልኝ።

ቁጣ በኛ ቤት ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚወረስ ነገር ነው። አያቴ የተጣሉ በሬዎችን የሚገላግሉት በፍልጥ ነበር፤ የተጣሉ ልጆቻቸውንም እንደዚያው። አባቴ በልጅነታቸው በአንድ የዓሣ መረብ ሰበብ የአጎቴን ቅንድብ በድንጋይ ተርትረዋል። አጎቴ በበኩላቸው አባቴን ማጅራታቸውን ይዘው ውሃ ውስጥ ሲደፍቋቸው ሰው ባይደርስ ኖሮ እኔ አልወለድም ነበር። ሁለቱም ይህን እየሳቁ፣ አንዱ የረሳውን ሌላው እየሞላ ነው የሚያወሩት። እኛም ልጆቹ እየሳቅን ነው የምንሰማው። እጅ ቶሎ መሰንዘርን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ቁመት ወይም እንደ መልክ፣ ከቤት የመጣ ነገር አድርጌ እያየሁ ነው ያደግሁት።

አገራችን ከቁንዝላ ትንሽ አለፍ ብሎ ጣና ዳር ነው። ክረምት ሐይቁ ይሞላና ማሳውን ይውጠዋል፤ ከመስከረም ወዲያ ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ይመለሳል። ውሃው የለቀቀውን ጥቁር መሬት ባሕር ሸሽ እንለዋለን። እርጥበቱ ብቻ ሽምብራውን ለፍሬ ያበቃዋል። ሰው የሚጋደልበት መሬትም እሱ ነው፤ ወሰኑን በየዓመቱ ውሃው ይዞት ይሄዳላ! ድንጋይ ቢያቆሙበት ጭቃው ይውጠዋል፣ ዛፍ ቢተክሉበት ማዕበሉ ይነቅለዋል።

አያቴ ሊሞቱ ሲሉ ሁለቱን ልጆቻቸውን ጠርተው አንድ ብልሃት ነገሯቸው። እስከ ኅዳር ሚካኤል ውሃው የለቀቀው መሬት የታላቁ፣ ማለትም የአጎቴ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚለቀው የታናሹ፣ የአባቴ ነው። በኅዳር አሥራ ሁለት ከቅዳሴ መልስ ሁለቱ አብረው ይወርዱና ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ቸካል ይተክላሉ። ቸካሉን አራት እጅ መያዝ አለበት፤ የሁለቱም ሁለት ሁለት እጅ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ። ከዚያ አንድ ላይ ይገፉታል። በሌላ ነገር ሁሉ ተጣልተዋል፤ በዚህ መሬት ግን ቸካሉ ከተተከለ ጀምሮ ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም ነበር።

ብሎክቼይን የሚሉትን ነገር የጀመርሁት በንዴት ነው። የሐይቁን ከፍታ በየቀኑ እየለካሁ ለአንድ መሥሪያ ቤት እልክ ነበር። አንድ ቀን ለስብሰባ የተባዛውን ወረቀት ሳየው ቁጥሮቹ የኔ አይደሉም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፈገግ ብሎ «ትንሽ አስተካከልናቸው» አለኝ። የያዝሁትን ፋይል ፊቱ ላይ ወረወርሁበት። የፋይሉ ብረት ከንፈሩን ቀደደው፤ ዘበኛ በክንዴ ጎትቶ አወጣኝ። ያን ዕለት መንገድ ለመንገድ ስሄድ ማንም የማያስተካክለው መዝገብ እሠራለሁ ብዬ ለራሴ ዛትሁ።

ሠራሁትም። መዝገቡ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ አንዱ ቅጂ ኮሌጃችን፣ ሌሎቹ ጎንደር፣ ሐዋሳና አዲስ አበባ ባሉ ወዳጆቼ ኮምፒውተሮች ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ገጽ የፊተኛውን ገጽ ማኅተም ይዞ ይዘጋል። አንድ ሰው አንዲት ቁጥር ልፋቅ ቢል ከዚያ ወዲህ ያሉት ማኅተሞች ሁሉ ይፈርሳሉ፣ ሌሎቹ ቅጂዎችም ያጋልጡታል። አዲስ ገጽ መጨመር ይቻላል፤ የተጻፈውን መንካት አይቻልም። ይህን ለአባቴ ሳስረዳ ጥቂት አሰቡና «ስሕተት የተጻፈ እንደሆንስ?» አሉኝ።

«ማሽን ምን ብሎ ይሳሳታል!» አልሁ። እንዲያ ብዬ መመለሴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ውሃውን የምትለካልኝ ኮምፒውተር የእጅ መዳፍ አትሞላም። በግንቦት፣ ሐይቁ ዝቅ ባለ ጊዜ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ አሽጌ፣ ከላይዋ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ አድርጌ፣ ውሃ ውስጥ በቆመ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሰቀልኋት። ከሥሯ ያለው ሴንሰር ወደ ውሃው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ውሃው ከሱ ምን ያህል እንደራቀ ያውቃል። ውሃው ሲቀርብ ሐይቁ ሞላ፣ ሲርቅ ጎደለ ማለት ነው። ኔትወርክ ሲኖር ኮምፒውተሯ ቁጥሩን ወደ መዝገቡ ትልካለች፤ ሲጠፋ ይዛ ትጠብቃለች።

ምሰሶውን የቆረጡልኝም የተከሉልኝም አጎቴ ናቸው። ውሃ ውስጥ ቆመው ጭቃውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸ ጭቃ ይበላዋል። ቆፍረን ከሥሩ ሰፊ ድንጋይ እናድርግለት። እኛ ጎተራ እንኳ ስናቆም ያለ ድንጋይ አናቆም።»

ፀሐዩ አናቴን እየመታኝ ነበር፤ አልቅትም እግሬ ላይ ተጣብቆ ደሜን ይመጥጣል። «ተዉት አጎቴ፤ ይኸ ጎተራ አይደለም» አልኋቸው። ሳቁና ተዉት። እኔ ምሰሶው ዙሪያ ከጭቃው አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ በሚስማር ቀለበት ጫርሁበት፤ ምናልባት ቢያስፈልግ ብዬ ነው። ከዚያም ግንበኞች ከፍታ በሚያመዛዝኑበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ የባሕር ሸሹን ከፍታ እርምጃ በእርምጃ ለክቼ ወረቀት ላይ አሰፈርሁ። ሐይቁ ይህን ያህል ሲሆን ዳሩ እዚህ ነው፣ ያን ያህል ሲሆን እዚያ ነው እያልሁ። በሥራዬ በጣም ኮርቼ ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር መግቢያ ላይ አባቴ የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ ወደኔ ወደ ባሕር ዳር መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ጀልባቸውን ያሰሩት ከኔ ምሰሶ ላይ ነበር። ሐይቁ በየቀኑ ስለሚሸሽ ዳር ላይ የታሰረ ጀልባ ጭቃ ላይ ይቀራል፤ ምሰሶዬ ደግሞ ውሃ ውስጥ የቆመ ጥሩ ማሰሪያ ነበር። ያን ሰሞን ነፋሱ በርትቶ ሐይቁ ከሰዓት ከሰዓት ሲናወጥ ሰነበተ። እኔ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ወረፋ ስጠብቅ በስልኬ መዝገቡን ከፍቼ አያለሁ። ሐይቁ መውረድ ባለበት ወር ቁጥሩ ይወጣል። አንድ ሙሉ ስንዝር ወጣ። አየሁት። ላይ አገር ዝናብ ጥሎ ይሆናል አልሁና ስልኩን ኪሴ ከተትሁት። ይኸው ነው ያደረግሁት።

የአባቴ ዓይን ቶሎ አልሽር ስላለ ኅዳር ሚካኤል ባሕር ዳር አለፈ። ከሳምንት በኋላ አብረን አገር ገባን። ዳር ወርደን ስናይ አጎቴ ቸካሉን ብቻቸውን ተክለውታል። አባቴ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ በሌላው አተኩረው አዩት።

«ዘንድሮ ጋሼ ራቅ አላሉም?» አሉ ቀስ ብለው።

ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። አባቴ ለራሳቸው ያሉት ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። የሠራሁትን የማሳይበት ቀን መጣልኛ! ስልኬን አወጣሁ፣ የሚካኤልን ዕለት ቁጥር አነበብሁ፣ ወረቀቴን ዘረጋሁ፣ ተራመድሁ። መዝገቡ እንደሚለው በዚያ ዕለት የውሃው ጠርዝ ከቸካሉ ሠላሳ እርምጃ ወደ ምድር ገባ ብሎ ነበር። ሠላሳ እርምጃ ሽምብራ ማለት የአባቴ የዓመት ቀለብ ሲሶ ነው። አባቴ ሄደው ቸካሉን ነቀሉት።

አጎቴ በሬዎቻቸውን እየነዱ ሲመጡ አባቴ ቸካሉን እንደያዙ ነበር። ዳር ላይ ከመረብ ዓሣ የሚፈቱ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉ።

«እስከ ቀትር ጠበቅሁህ» አሉ አጎቴ ለአባቴ። «ስትቀር ብቻዬን ተከልሁት። ውሃው እነበረበት ላይ ነው የተከልሁት።»

አባቴ መልስ ሳይሰጡ እኔ መሐል ገባሁ። ስልኩን ፊታቸው ላይ ደቀንሁ። «ሰው ይዋሻል፣ ይኸ አይዋሽም» አልሁ። «ሠላሳ እርምጃ ሰርቀሃል!»

እርስዎ ብዬ ያደግሁትን ሰው አንተ አልሁ። አጎቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ጭቃው ላይ ጣሉና በተረከዛቸው ረገጡት። ከዚያ በጥፊ አጮሉኝ። ጆሮዬ ጭው አለ፣ አፌ ውስጥ ደም ደም አለኝ። መቅዘፊያው አጠገቤ ጭቃው ላይ ተተክሎ ነበር፤ ጀልባዋን ልናመጣ ይዘነው ወርደን ነበርና። ጀልባዋ ምሰሶዬ ላይ እንደታሰረች፣ በማዕበሉ ገመዷ እየተወጠረና እየላላ፣ ከፊቴ ትታየኝ ነበር። እያየኋት ነው መቅዘፊያውን ነቅዬ የሰነዘርሁት።

አጎቴ ተንበረከኩና የተሰበረውን እጃቸውን በደህናው ይዘው አዩት፤ ከአንጓው በላይ ታጥፎ ነበር። በሬዎቹ ደንብረው ሸሹ። እኔ መቅዘፊያውን ደግሜ አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ልደግማቸው ነበር ብዬ እፈራለሁ። በዚያ ቅጽበት ጀርባዬ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ።

አባቴ ናቸው። የአጎቴን የበሬ ጅራፍ ከመሬት አንስተው ይገርፉኛል። «ወንድሜን! ወንድሜን!» ይላሉ በየግርፋቱ። ጅራፉ ሸሚዜን ቀደደው፣ አንገቴን ተጠመጠመው፣ ጆሮዬን ሰነጠቀው። ወደቅሁ። ወድቄም አላቆሙም። የታሸገው ዓይናቸው መድማት ጀምሮ ደሙ በጉንጫቸው ይወርድ ነበር። ዓሣ ፈቺዎቹ ሦስት ሆነው እስኪይዟቸው ድረስ ገረፉኝ። ሠላሳዋን እርምጃ ሲሹ የነበሩት እሳቸው ነበሩ፤ ወንድማቸው ሲሰበር ግን መሬቱም ልጃቸውም ከዓይናቸው ጠፋ።

ያን ሰሞን የመኪናው መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ የሕዝብ ጀልባውም አልመጣም። አጎቴን ወጌሻ አሻቸው። ጎጆው ውጭ ቆሜ ሰማሁ፤ አፋቸው ውስጥ ጨርቅ አጉርሰዋቸው ሲያጓሩ። ወዲያው ልጆቻቸው ቆንጨራ ይዘው እኔን ሊፈልጉ ወጡ፤ እናቴ በጓሮ በኩል ገፍትራ አስወጣችኝ። በእግሬ ቁንዝላ ገብቼ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በተገኘ ጀልባ ባሕር ዳር ደረስሁ። ሸሚዜ ከጀርባዬ ቁስል ጋር ተጣብቆ ነበርና በሞቀ ውሃ እያራስሁ ላጥሁት። መንገዱ ተከፍቶ አጎቴ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ አጥንቱ ጠሞ ገጥሟል። ዳግም ተሰብሮ ይስተካከል ቢባሉ «አንዴ መሰበሩ ይበቃዋል» ብለው ተመለሱ። ጣቶቻቸው አይጨብጡም። እርፍ መያዝ አይችሉም። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው።

ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌዎች ላኩብኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ቄሱ ባሉበት፣ ድንጋይ ተሸክሜ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ ነው። በልቤ ግን አሁንም እውነቱ የኔ ነበር። እጃቸውን መስበሬ ጥፋት ነው፣ መስረቃቸው ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው እያልሁ ነበር የምሄደው። ከሽማግሌዎቹ በፊት ወደ ሐይቁ ወረድሁ፤ ኮምፒውተሯን ነቅዬ ላመጣት ነበር። ውሃው ወገቤ ድረስ ነው። ምሰሶውን ስይዘው በጥቂቱ ተነቃነቀ። ጎንበስ ብዬ ቀለበቱን በእጄ ፈለግሁ። ከጭቃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ መገኘት የነበረበት ቀለበት፣ ክርኔን ጭቃው ላይ አሳርፌ ብዳስስ ጣቴ ጫፍ ላይ የለም። ዝቅ ብዬ ዳሰስሁ። አንድ ስንዝር ሰምጧል። ሐይቁ አልወጣም ነበር፤ የወረደው ምሰሶዬ ነው። የአባቴ ጀልባ በነፋስ እየወዘወዘች ጭቃው ውስጥ ከትታዋለች።

ውሃው ውስጥ ቆሜ ራሴን በጥፊ መታሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ከዳር ድንጋይ መረጥሁ፤ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ከባድ። ማጅራቴ ላይ ተሸክሜው ወጣሁ። የጅራፉ ቁስል ተከፍቶ ሲደማ ይሰማኛል። ከአጎቴ እግር ሥር ተደፋሁና ይቅርታ ከማለቴ በፊት የምሰሶውን ነገር ተናገርሁ። ልጆቻቸው ወደኔ ሊነሱ ሲሉ አጎቴ በደህናው እጃቸው አስቀመጧቸው። የተሸከምሁትን ድንጋይ ሲያዩት ቆዩ።

«ያኔ ይህን ብትሸከም ኖሮ» አሉ። «አውርደው። ወስደህ ከምሰሶው ሥር አድርገው።»

ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ይቀበራል። ከዛሬ ወዲያ አይነሳም። ያን ቁጥርም አጥፋው።»

«አይጠፋም» አልሁ።

«ማነው እንዳይጠፋ አድርጎ የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስለምን?»

«ሰው እንዳይዋሽበት።»

«አሁንሳ ማን ዋሸ?»

«እኔ» አልሁ።

አጎቴ ወደፊት ጠጋ አሉ። የጠመመው እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነበር። «እንግዲህ እኔ ሌባ ሆኜ ተጽፌ መቅረቴ ነው?»

«ስምዎ የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው።»

«የሚካኤል ለት ውሃው የት እንደነበር ነው የተጻፈ?»

«አዎ።»

«በዚያ ለት ከኔ ሌላ ቸካል የተከለ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያማ ስሜ አለበት።»

ከዚያ አዲስ ገጽ መጨመር እንደሚቻል ነገርኋቸው፤ የፊተኛው ሳይጠፋ ከሱ በኋላ እውነቱን መጻፍ። ሁሉንም እጽፋለሁ አልሁ። ምሰሶውን፣ ጀልባዋን፣ መቅዘፊያውን፣ እጃቸውን። መጻፉ ሸክሜን የሚያቀልልኝ መስሎኝ ነበር።

«እጄን አትጻፍ» አሉ አጎቴ። «እጄ ዛሬ በሽማግሌ ያልቃል። ያላለቀው ቸካሉ ነው። እሱን ጻፍ፣ ከዚያ እንማማላለን።»

ኔትወርክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱ፣ አባቴና አጎቴ ተከትለውኝ ወጡ። በተረገጠው ምትክ በገዛሁት ስልክ ጻፍሁ። ምሰሶው አንድ ስንዝር ሰምጧል፤ ከኅዳር መግቢያ ጀምሮ ያለው ቁጥር ሐሰት ነው፤ በኅዳር ሚካኤል የተተከለው ቸካል የተተከለው ውሃው በነበረበት ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አባቴ በሁለቱም ዓይናቸው ስልኩን ያያሉ፤ ማንበብ አይችሉም።

«ሄደ?» አሉ አጎቴ።

«ሄደ።»

«አሁን ማንም አያጠፋው?»

«ማንም አያጠፋውም። እኔም ብሆን።»

«ደግ» አሉ፤ ወርደን ተማማልን።

ድንጋዩን በግንቦት ከምሰሶው ሥር አደረግሁት። በቀጣዩ ኅዳር ሚካኤል ሦስታችን ዳር ወረድን። አባቴ ቸካሉን አቆሙትና ሁለት እጃቸውን አሳረፉበት። አጎቴ ቀኝ እጃቸውን ከላይ ደረቡ። ግራውን እንደ ወትሮው ዘረጉት፤ ጣቶቹ ቸካሉን ነኩት እንጂ አልያዙትም። አንድ ጊዜ ሞከሩ፣ ሁለተኛ ሞከሩ። አባቴ ወደ ሐይቁ ዞር አሉ።

አጎቴ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መልሰው ከተቱ። «ና፣ ያዝ» አሉኝ። በጎደለው እጅ ቦታ እጄን አሳረፍሁ። መቅዘፊያውን ያነሳሁበት እጄ ነበር። አጎቴ ቀና ብለው አላዩኝም።

«ግፋ» አሉኝ።